የቪክቶሪያ ዘመን ግጥም፦ የሴቶች ድርሻ፣ ትምህርትና የጥበብ ሙያ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አወዛጋቢው ይሄዳሉ።

የቪክቶሪያ ዘመን የሚባለው ከመቼ እስከ መቼ ነው?

ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን ከያዙበት ከ1837 እስካረፉበት እስከ 1901 ያለው ነው። ግጥሙ ግን ዘውድ ጠብቆ አልጀመረም። አልፍሬድ ቴኒሰን «ማሪያና»ን ያሳተመው በ1830፣ «የሻሎቷ እመቤት»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ1832 ቢሆንም ሁለቱም ከዚህ ዘመን ጋር ይጠናሉ። ፌሊሺያ ሄማንስ ደግሞ በ1835 ብትሞትም አምስት ወንዶች ልጆቿን በብዕሯ ያሳደገች ገጣሚ ስለነበረች ከኋላዋ የመጡት ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚለኩት በእሷ ነበር።

የደኅና ቤተሰብ ሴት ልጅ በዚያ ዘመን ምን ትማር ነበር?

አብዛኛውን ጊዜ የምትማረው እዚያው ቤቷ ነው፤ ከእናቷ ወይም ተቀጥራ አብራቸው ከምትኖር አስተማሪ። ፈረንሳይኛ፣ ፒያኖ፣ ሥዕል፣ ጥልፍ፣ ከታሪክና ከጂኦግራፊ ጥቂት ጥቂቱን። ግሪክኛና ላቲን የወንድሟ ድርሻ ነበሩ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የሚገባው እነሱን የተማረ ነው፤ «ትልቅ ግጥም» የሚባለውም በእነሱ ላይ የቆመ ነበር። ስለዚህ ግሪክኛ የተነፈገች ልጅ ዩኒቨርሲቲውን ብቻ ሳይሆን የገጣሚነቱንም መንገድ ተነፍጋለች።

ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ያሾፈችበት ኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ ናት። «ኦሮራ ሊ» በተባለው ረጅም ግጥሟ መጽሐፍ 1 ላይ ወላጅ አልባዋ ኦሮራ እንግሊዝ አገር አክስቷ ዘንድ ታድጋለች። አክስት የምታስተምራት ዝርዝር ጉድ ነው፦ የሃይማኖት መግለጫዎች፣ ትንሽ አልጀብራ፣ የበርማ መንግሥት የውስጥ ሕጎች፣ የቺምቦራዞ ተራራ ከቴኔሪፍ በስንት ጫማ እንደሚበልጥ፣ ከዚያ የመስታወት ክር ሥራ፣ ወፍ ገፎ በጭድ መሙላት፣ ከሰም አበባ መሥራት። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ክፉ አይደለም፤ ቀልዱ ያለው አንዱ ከሌላው ጋር የማይያያዝ መሆኑ ላይ ነው። ልጅቷ ብዙ ታውቃለች፤ በምታውቀው ግን ምንም ማድረግ አትችልም።

ተቋማቱ የተከፈቱት ቀስ በቀስ ነው። ለንደን ውስጥ ኩዊንስ ኮሌጅ በ1848፣ ቤድፎርድ ኮሌጅ በ1849፣ ኋላ ገርተን የተባለው የካምብሪጅ የሴቶች ኮሌጅ በ1869 ሥራ ጀመሩ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዲግሪ የፈቀደው በ1878 ነው። ኦክስፎርድ እስከ 1920 ቆየ፣ ካምብሪጅማ ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው።

ታዲያ ሴት ገጣሚዎቹ ያን ሁሉ ዕውቀት ከየት አመጡት?

ከወንድም ጠረጴዛና ከአባት መጽሐፍ መደርደሪያ። ባሬት ብራውኒንግ በ1806 የተወለደች ሲሆን ግሪክኛ የጀመረችው ለወንድሟ ከተቀጠረው መምህር ጎን ተቀምጣ ነው። ወንድሟ ቻርተርሃውስ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷ ቤት ቀረች። በኋላ ከዓይነ ስውሩ ሊቅ ከሂዩ ስቱዋርት ቦይድ ጋር የግሪክ መጻሕፍትን አነበበች፤ በ1833 የጥንቱን የግሪክ ተውኔት ጸሐፊ የኤስኪለስን «ፕሮሜቴዎስ» በትርጉም አሳተመች። ክርስቲና ሮሴቲ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም፤ ያስተማረቻት ቀድሞ የቤት አስተማሪ የነበረችው እናቷ ናት። ኦገስታ ዌብስተር ግሪክኛ የተማረችው ወንድሟን ለማገዝ ብላ ነው፤ እሷም ያንኑ «ፕሮሜቴዎስ» በ1866 ተረጎመች። የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ የረገጠ ትውልድ የመጣው ዘግይቶ ነው፦ ኤሚ ሌቪ በ1879 ካምብሪጅ ኒውንሃም ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ አይሁዳዊት ተማሪ ነበረች፤ በ1881 ሳትጨርስ ወጣች።

እነዚህን ሴቶች «ያለ ማንም እርዳታ ራሳቸውን ያስተማሩ» ብሎ ማሞገስ የተለመደ ነው፤ ነገሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። መጽሐፉም ጊዜውም በገንዘብ የተገዙ ናቸው። የባሬት ቤተሰብ ሀብት የመጣው ጃማይካ ውስጥ በባሪያዎች ጉልበት ከሚሠራ የሸንኮራ እርሻ ነው፤ አባቷ የ14 ዓመት ልጁን «የማራቶን ጦርነት» በ1820 በ50 ቅጂ ሲያሳትምላት ወጪው የተሸፈነው ከዚሁ ሀብት ነው። ገጣሚዋ ራሷ ይህ ይከነክናት ነበር፤ ከጌቶቿ ባመለጠች ባሪያ አንደበት የጻፈችው ግጥም በ1848 አሜሪካ ውስጥ በፀረ ባርነት መድበል ወጥቷል።

«የቤት መልአክ» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

የኮቬንትሪ ፓትሞር ግጥም ርዕስ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1854፣ ሁለተኛው በ1856 ወጣ። ፊሊክስ የተባለ ወጣት ኦኖሪያ የተባለችን የካቴድራል አለቃ ልጅ አፍቅሮ፣ አጭቶ፣ ሲያገባ ይተርካል፤ ፓትሞር የጻፈው ለመጀመሪያ ሚስቱ ለኤሚሊ ነው። ከርዕሱ ተነስቶ ስለ ቤት ሥራ የሚጠብቅ ሰው ይገረማል፤ አብዛኛው ግጥም መተጫጨት ነው።

ዛሬ ቃሉን የምንጠቀምበት ስሜት የመጣው ከግጥሙ ይልቅ ከደራሲዋ ከቨርጂኒያ ዎልፍ የ1931 ንግግር ነው፤ ለመጻፍ መጀመሪያ ያችን መልአክ መግደል ነበረብኝ ያለችበት። ስለዚህ «የቪክቶሪያ ዘመን ሴቶች የቤት መልአክ ነበሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም። ገረዷ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ሸሚዝ ሰፊዋ የት ገቡ? ቶማስ ሁድ በ1843 «የሸሚዙ ዜማ»ን ያሳተመው ስለዚችው ሰፊ ነው።

«ኦሮራ ሊ» ስለ ምንድን ነው? ያን ያህል ርዝመትስ እንዴት ይዘለቃል?

ሴት ልጅ ገጣሚ ስትሆን የሚተርክ፣ በ9 መጻሕፍት የተከፈለ፣ ወደ 11,000 ስንኝ የሚጠጋ ግጥም ነው። ሽፋኑ 1857 ይላል፤ ለገበያ የዋለው በ1856 መጨረሻ ነው።

የነገሩ ቋጠሮ መጽሐፍ 2 ላይ ነው። ኦሮራ 20 ዓመት በሞላት ጠዋት አትክልት ቦታ ወርዳ፣ ማንም አያየኝም ብላ፣ በራሷ እጅ የሐረግ አክሊል ራሷ ላይ ትደፋለች። የአጎቷ ልጅ ሮምኒ ይደርስባታል። የጣለችውን መጽሐፍ ይዟል፤ ኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ግሪክኛ አይቶ «የሴት ግሪክኛ ነው፣ የድምፀት ምልክት የለውም» ብሎ ይቀልዳል። ከዚያ እንድታገባውና በበጎ አድራጎት ሥራው እንድታግዘው ይጠይቃታል፤ ሴቶች ለግል ሐዘን ያለቅሳሉ እንጂ ዓለምን በጥቅሉ ማየት ስለማይችሉ ገጣሚ አይወጣቸውም ይላል። እምቢ ትለዋለች። ያቺ የምልክት ጨዋታ ቀላል አይደለችም፦ ልጅቷ ቋንቋውን ታውቀዋለች፣ የጎደላት መምህር ተቀምጦ የሚያርመው ነገር ብቻ ነው፤ ወንድየው ግን ያየው ጉድለቱን ነው።

ለማንበብ ከመጽሐፍ 1 እና 2 ይጀምሩ፤ ብቻቸውን ሙሉ ታሪክ ናቸው። ቀጥሎ የመጽሐፍ 3ን መግቢያ ያንብቡ፤ ኦሮራ ለንደን ኬንሲንግተን ተከራይታ በአንድ እጇ ለአሳታሚዎች እንጀራ የሚሆን ጽሑፍ፣ በሌላው ለራሷ ግጥም ትጽፋለች። ከዚያ ወደ መጽሐፍ 5 ይዝለሉ፤ ገጣሚ ያለፉ ባላባቶችን ትቶ የገዛ ዘመኑን ይጻፍ የሚለው ሙግት እዚያ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ 3 ተመልሰው እስከ 9 ይዝለቁ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው 3 እና 4 ላይ፣ የድሃዋ የማሪያን ኧርል ታሪክ በኦሮራ አፍ ሲተረክ ነው፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠፋል። በየገጹ ኅዳግ «ማሪያን» ወይም «ኦሮራ» ብሎ በእርሳስ መጻፍ ይበቃል። ሌላው ማደናገሪያ የትረካው ጊዜ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ያለፈ ሕይወት ትዝታ ነው፤ ከመሐል ወዲህ እንደ ዕለት ማስታወሻ ይሆናል፤ ስለዚህ ተራኪዋ ነገ የሚሆነውን አታውቅም።

«ኦሮራ ሊ» ቤት አይመታም፤ ታዲያ ግጥም የሚያሰኘው ምኑ ነው?

የእኛ ጆሮ ቤት መምታትን ስለለመደ ጥያቄው ይጠበቃል። በወል ቤት የምንቆጥረው ቀለም ነው፣ 6 በ6። እንግሊዝኛው የሚቆጥረው የድምፅ ጫናን ነው፦ በአንድ ስንኝ 10 ቀለም፣ ከእነሱ 5ቱ የሚጫኑ፣ መጨረሻው ቤት ሳይመታ። ሼክስፒር ቴአትሩን፣ ሚልተን «የጠፋች ገነት»ን የጻፉት በዚህ ልክ ነው። ባሬት ብራውኒንግ ይህን ቅርጽ መምረጧ ራሱ ሙግት ነው፤ ለሴት የተተወው አጭር የስሜት ግጥም ነበር፣ እሷ ግን የጀግና ግጥም ልብስ ለብሳ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ጋዜጣ ጻፈች። ድምፅ አውጥተው 20 ስንኝ ያንብቡ፤ በዓይን ብቻ ዝርው ይመስላል።

በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ መርፌ፣ ፈትልና ሽመና ለምን ይበዛሉ?

ሴት እጇ ሥራ ፈትቶ እንዳይታይ የሚደረግበት ዘዴ ስለነበሩ ነው፤ ገጣሚዎቹም ብዕርን የሚያነጻጽሩት ከእነሱ ጋር ነው። ኦሮራ መጽሐፍ 1 ላይ ሴቶች የሚሰፉትን ትዘረዝራለች፦ ሲደክምህ የምታጠልቀው ነጠላ ጫማ፣ አደናቅፎህ የምትረግመው የእግር ማሳረፊያ፣ ተደግፈህ የምታንቀላፋበት ትራስ። ከዚያ በላይ የሚያመው፣ ትላለች፣ ምናልባት የሚከፈለን የሥራችን ዋጋ ያህል መሆኑ ነው። እዚያው አጠገብ የጠለፈቻት እረኛ አለች፤ ሐሩን ስታሳስት ዓይኖቿ ከጫማዋ ጋር የሚመሳሰሉ ሮዝ የሆኑባት፣ ባርኔጣዋም ባለቅኔውን የገደለውን የኤሊ ቅርፊት የመሰለባት። ባለቅኔው ኤስኪለስ ነው፤ ንስር ኤሊ ራሱ ላይ ጥሎበት ሞተ ይባላል። ጥልፍ ብቻ የተማረች ልጅ ይህን ቀልድ አታውቀውም። አክስት ያላስተማረችው ግሪክ በመርፌው ሥራ መሐል ብቅ አለ ማለት ነው፤ ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የተዋጣችው ቀልድ ይህች ናት።

ኤሚ ሌቪ በ1880 ባሳተመችው «ዛንቲፒ» ደግሞ ተናጋሪዋ ልትሞት የተቃረበችው የሶቅራጥስ ሚስት ናት። ዕውቀት ፈልጋ ፈላስፋ አገባች። ባሏ ከፕላቶንና ከአልሲቢያዲስ ጋር ስለ ሴቶች አእምሮ ሲያወሩ ሰምታ፣ የወይን አቁማዳ በእጇ እንዳለ ወጥታ ትከራከራለች፤ ሶቅራጥስ በፌዝ ይመልስላታል። አቁማዳውን ወርውራ ታፈርጠዋለች፣ ወይኑ እብነ በረዱ ላይና ቀሚሷ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ቀን ወዲያ ከገረዶቿ ጋር ፈትል ትፈትላለች፤ ነፍሴን ከሥጋዬ ፈትዬ እስካወጣት ድረስ ትላለች። ታሪክ «ጨቅጫቃ ሚስት» ያላትን ሴት ስለ ትምህርት እንድትናገር ማድረጉ የ18 ዓመት ልጅ ሥራ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

ቴኒሰን የሴቶችን ትምህርት ደግፏል ወይስ ተቃውሟል?

ጥያቄው የሚነሳው በ1847 ካሳተመው «ልዕልቲቱ» ነው። ልዕልት አይዳ ወንድ ቢገባ በሞት የሚቀጣበት የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ትከፍታለች። በሕፃንነቷ የታጨችለት ልዑል ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሴት ልብስ ለብሶ ይገባል፤ አንዱ ሰክሮ በዘፈነው ዘፈን ይጋለጣሉ፤ 50 በ50 ውጊያ ይሆናል፤ ኮሌጁ የቁስለኞች ሆስፒታል ይሆንና አይዳ ልዑሉን እያስታመመች ልቧ ይራራል። በዚህ ብቻ ከተፈረደ ተቃዋሚ ነው።

ነገር ግን ታሪኩን በበዓል ቀን ሰባት ወጣት ወንዶች እየተቀባበሉ የሚያወሩት ጨዋታ ነው፤ በ1850 እትም በየመሐሉ የገቡትን ዘፈኖች የሚዘፍኑት ሴቶች ናቸው። በጣም የሚጠቀሰው «ወንድ ለእርሻው፣ ሴት ለምድጃው» የሚለው ሐሳብም የቴኒሰን አይደለም፤ የሚናገረው ጨካኙ ሽማግሌ ንጉሥ፣ የልዑሉ አባት፣ ክፍል 5 ላይ ነው። ክፍል 7 ላይ ልዑሉ የሴት ጉዳይ የወንድም ጉዳይ ነው፣ የሚነሱትም የሚወድቁትም አብረው ነው ይላል። ቴኒሰን ሁለቱንም ወገን አስደስቶ ማምለጥ የፈለገ ይመስለኛል፤ አልተሳካለትም፣ ግጥሙ ግን በዚያው ምክንያት የማያልቅ የክርክር ምንጭ ሆነ።

ለምን በወንድ ስም ያሳትሙ ነበር?

ሦስት የተለያዩ ምክንያቶችን አንድ ላይ አይጨፍልቁ። የብሮንቴ እህቶች በ1846 ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል ተብለው ያሳተሙት ሃያሲ ለሴት የተለየ ሚዛን ስለሚያወጣ ነው። ወጪውን፣ 31 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ፣ ከኪሳቸው ከፍለው በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው 2 ቅጂ ነበር። ሻርሎት በ1837 ለሎሬቱ ለሮበርት ሳውዚ ጽፋ ሥነ ጽሑፍ የሴት የሕይወት ሥራ ሊሆን አይችልም፣ ሊሆንም አይገባም የሚል መልስ ደርሷት ያውቃል። «ማይክል ፊልድ» ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ካትሪን ብራድሊና የእህቷ ልጅ ኢዲት ኩፐር፤ አንድ ላይ የሚጽፉት ሥራ በአንድ ስም እንዲቆም ፈለጉ። አደሌድ ፕሮክተር ደግሞ የመረጠችው የሴት ስም ነው፤ የመጽሔት አዘጋጁ ቻርልስ ዲክንስ የቤተሰቧ ወዳጅ ስለነበር ግጥሞቿን በወዳጅነት እንዳያትምላት «ሜሪ ቤርዊክ» ብላ ላከች።

ገንዘቡም ሌላ ጣጣ ነበር። እስከ 1870 ድረስ ያገባች ሴት በብዕሯ ያገኘችው በሕግ የባሏ ነበር። የ1870ው ሕግ የሠራችበትን ሰጣት፣ የ1882ቱ ንብረቷን በሙሉ።

ሴት በሥዕል ውስጥ ስትሆንና ሠዓሊ ስትሆን ልዩነቱን የሚያሳይ ግጥም የትኛው ነው?

ክርስቲና ሮሴቲ በ1856 የጻፈችው «በሠዓሊው ክፍል» የሚለው ባለ 14 ስንኝ ሶኔት ነው፤ የታተመው ከሞተች በኋላ በ1896 ነው። አንዲት ፊት ከሸራው ሁሉ ታያለች፤ ንግሥት፣ ስም የለሽ ልጃገረድ፣ ቅድስት፣ መልአክ ሆና። ሠዓሊው የሚስላት እንዳለችው ሳይሆን ሕልሙን እንደምትሞላለት ነው። ወንድሟ ዳንቴ ገብርኤል ሠዓሊ ነበር፣ ሞዴሉ ኤልዛቤት ሲዳል። ሲዳል ግን ራሷ ትስልና ትገጥም ነበር፤ የሥነ ጥበብ ሃያሲው ጆን ረስኪን በ1855 ለሥራዎቿ በዓመት 150 ፓውንድ ሊከፍላት ተስማምቷል። ግጥሙ ውስጥ ሴትየዋ አንድ ቃል አትናገርም። ሮሴቲ ለሲዳል አዘነች ወይስ እሷም አፏን ዘጋችባት? ሁለቱንም የሚሉ አሉ።

ካሜራ የያዘች ሴትም አለች። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራዋን በ48 ዓመቷ ከልጇ በስጦታ አግኝታ የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ አደረገች፤ ለጎረቤቷ ለቴኒሰን የንጉሥ አርተር ግጥሞች በ1874ና 1875 ፎቶ አነሳች። የእኛ አንባቢ ሥራዋን ሳያውቅ አይቀርም፦ በ1868 የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ያነሳችው እሷ ናት።

ጥበብ ወይስ ትዳር? ገጣሚዎቹ ምን መለሱ?

ኦሮራ ሁለቱንም ታገኛለች፤ ግን ሮምኒ ዓይኑን ካጣ በኋላ ነው፣ ይህም ብዙ አንባቢ ያስከፋል። በወንድ ስም የምትጽፈው ጆርጅ ኤልየት በ1871 ባሳተመችው «አርምጋርት» መልሱ መራራ ነው። ዘፋኟ አርምጋርት መድረኩን ትታ እንድታገባው የጠየቃትን መኳንንት እምቢ ትላለች፤ ታምማ ስትድን ድምፅዋ ይሄዳል። ያኔ አንካሳዋ የአክስቷ ልጅ ዋልፑርጋ፣ ስታገለግላት የኖረችው፣ አሁን አንቺም እንደ ብዙዎቻችን ሆንሽ ብላ ታፋጥጣታለች። አርምጋርት ፍራይበርግ ሄዳ ሙዚቃ ለማስተማር ትወስናለች። ተሰጥኦ ያላት ሴት ነጻ ስትወጣ ተሰጥኦ የሌላትስ የሚለውን ጥያቄ በግልጽ የጠየቀ ግጥም ብዙ የለም።

ሁሉም ለሴቶች መብት የቆሙ ነበሩ?

አልነበሩም። ሮሴቲ ለምርጫ መብት እንድትቆም ኦገስታ ዌብስተር ጠይቃት እምቢ ብላለች። ባሬት ብራውኒንግ ያገቡ ሴቶች የንብረት መብት እንዲያገኙ በ1856 ለፓርላማ የቀረበውን አቤቱታ ፈርማለች፤ በ1845 ግን ኋላ ላገባችው ለገጣሚው ለሮበርት ብራውኒንግ ሴት በአእምሮ ከወንድ በተፈጥሮ ታንሳለች ብላ ጽፋለታለች። ዌብስተር በ1879 ለለንደን የትምህርት ቦርድ ተመርጣ ሠርታለች፤ በ1870 በወጣው «የተጣለችው» ግጥሟ ገላዋን የምትሸጠው ዩላሊ ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ ለወንድሟ ትምህርት እንዳፈሰሰ ትናገራለች። ሐሳብና ግጥም ሁልጊዜ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ከግጥሙ ተነስቶ የገጣሚዋን አቋም መገመት አደገኛ ነው።

ስለዚህ ርዕስ የጥናት ጽሑፍ ስጽፍ የት ልሳሳት እችላለሁ?

አንደኛው ስህተት ተናጋሪዋን ገጣሚዋ አድርጎ መውሰድ ነው። ዩላሊና ዛንቲፒ ገጸ ባሕርያት ናቸው። «ገጣሚዋ እንዲህ ትላለች» ከማለትዎ በፊት ማን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚናገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሁለተኛው የገጽ ቁጥር መጥቀስ ነው፤ እትሙ ሲለያይ ገጹም ይለያያል፤ መጽሐፍና ስንኝ ይጥቀሱ። ከኢንተርኔት የወረደ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የስንኝ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር ያለው እትም ፈልገው ያመሳክሩ።

ሦስተኛው የተሻሻለውን እትም ከመጀመሪያው ጋር ማደባለቅ ነው። በ1832ቱ «የሻሎቷ እመቤት» ሸማኔዋ እመቤት ሞታ የንጉሥ አርተር ከተማ ካሜሎት ስትደርስ ደረቷ ላይ ብራና አለ፤ ግጥሙ የሚያልቀው እሷ በጻፈችው ቃል፣ አትፍሩ ቅረቡ፣ እኔ ነኝ በሚለው ነው። በ1842ቱ ብራናው ጠፍቷል፤ ስሟን የጻፈችው ጀልባዋ ላይ ብቻ ነው፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ባላባቱ ላንስሎት ነው፤ ፊቷ ያምራል ይላል። በየመድበሉ የሚገኘው የኋለኛው ነው፤ ስለዚህ ስለ ሴቷ ድምፅ ከመጻፍዎ በፊት የያዙት የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ።